የእህልን ዝምድና ሲያነቡ የኖሩት ሰው፤ የኒኮላይ ቫቪሎቭ ሕይወት



በዚህ የምስረታ በዓል ልዩ እትም ስለ ግብዓት አቅርቦት፣ ስለ ገበያ ትስስርና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ይነገራል። በዚህ ገጽ ግን ከእነዚህ ሁሉ በፊት ስለሚመጣው ነገር፣ ስለ ዘር፣ ጥቂት ለማለት ወደድን። ስለ ዘር ስናነሳም የዓለምን እህል ዘር ሲሰበስቡ ኖረው በመጨረሻ በረሃብ ስለሞቱ አንድ ሰው ሕይወት እናወጋችኋለን። ሰውየው ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ናቸው። አገራችንንም ጎብኝተው ነበር። በጽሑፉ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተቀመጡ መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

በሆሞሻ በአንድ ማሳ ዳር ቆመን ዙሪያችንን ብንቃኝ በመጀመሪያ የምናየው ማሽላ ነው። ከማሽላው ወዲያ በቆሎና ዳጉሳ፣ ከእነርሱ ቀጥሎ አኩሪ አተር፣ ኦቾሎኒና ሰሊጥ፣ በጓሮ ማንጎ፣ በተዳፋቱ ላይ ደግሞ ቤትና አጥር የምንሠራበት ሽመል ይታያል። ከእነዚህ መካከል የማሽላ ዘመድ የትኛው ነው ተብለን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን በቆሎንና ዳጉሳን እንጠራለን፤ ልክም ነው። ይሁን እንጂ ሽመልም የማሽላ ዘመድ ነው። አኩሪ አተር ግን ዘወትር ከማሽላ ጎን ቢዘራም ለማሽላ ባዳ ነው። ይህን ማወቅ ለገበሬ ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ቢነሳ ተገቢ ነው። መልሱ አቀንጭራ በወረረው ማሳ ላይ በሚቀጥለው ዓመት ምን እንዝራ ከሚለው ውሳኔ ጋር የተያያዘ መሆኑን ወደ መጨረሻ እናያለን።

ዕፅዋት በዝምድና እንዴት ይመደባሉ?

በዓለም ላይ አበባ የሚያወጡ የዕፅዋት ዝርያዎች 300 ሺህ ገደማ እንደሚደርሱ፣ ከዚያም ሊበልጡ እንደሚችሉ ይገመታል። ይህን ሁሉ በየአገሩ ስም ብቻ መለየት አይቻልም። ከእኛው አገር ምሳሌ ብንወስድ፣ በደጋው አካባቢ አጃ የሚባለው ገለባው ከፍሬው በቀላሉ የማይለቅ የስንዴ ዓይነት ነው። በከተማ ሱቅ ለገንፎና ለአጥሚት አጃ ተብሎ የሚሸጠው ግን ሌላ እህል ነው። ስሙ አንድ ሆኖ እህሉ ሁለት ሲሆን ዘር የሚገዛም የሚሸጥም ይሳሳታል።

ይህን ችግር ለማቃለል ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1753 ባሳተሙት መጽሐፍ እያንዳንዱ ተክል ሁለት ስም እንዲኖረው አደረጉ። የመጀመሪያው የወገኑ፣ ሁለተኛው የዝርያው መጠሪያ ነው። በዚህም መሠረት ማሽላ በዓለም ሁሉ ሶርገም ባይከለር፣ የእኛው ሽመል ደግሞ ኦክሲቴናንቴራ አቢሲኒካ ተብሎ ይታወቃል። ተቀራራቢ ዝርያዎች ተሰብስበው ወገን፣ ተቀራራቢ ወገኖች ተሰብስበው ቤተሰብ ይባላሉ። የልማት ሠራተኞቻችን የተሻሻለ ዝርያ የሚሉት በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለውን ልዩ ልዩ የዘር ዓይነት ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ እርሱን የዘር ዓይነት እያልን እንጠራዋለን።

የሊኔየስ አሰያየም እስከ ዛሬ ቢሠራበትም አመዳደባቸው ግን ጉድለት ነበረው። ዕፅዋትን በዋናነት የሚለዩት በአበባው ውስጥ ያሉትን የወንዴ ዘንጎች በመቁጠር ነበር። ስንዴ ሦስት፣ ሩዝ ስድስት ስላላቸው ሁለቱ በተለያየ ክፍል ተመደቡ። ይህም ወንድማማቾችን በለበሱት ልብስ ቁልፍ ቁጥር እንደመለየት ያለ ነው። ከእርሳቸው በኋላ የተነሱ ሊቃውንት አንድን ምልክት ብቻ ሳይሆን ግንዱን፣ ቅጠሉን፣ አበባውንና ፍሬውን አንድ ላይ ማየት ጀመሩ። በ1859 ቻርልስ ዳርዊን ያሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ ለዚህ መመሳሰል ምክንያት ሰጠው። ተክሎች የሚመሳሰሉት ከአንድ ጥንታዊ ዘር ስለተወለዱ ነው።

በዚህ መንገድ ሲታይ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ሩዝ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ሸንኮራ አገዳና ሽመል ሁሉም የሣር ቤተሰብ ናቸው። ግንዳቸው አንጓ አለው፤ የቅጠላቸው ሥር ግንዱን ይጠቀልላል፤ ሲበቅሉም በአንድ ቅጠል ይወጣሉ። ሽመል ብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ ጊዜ ካበበ በኋላ የሚሞት በመሆኑ አበባውን ማየት ብርቅ ነው፤ ላየው ግን ከእህል አበባ ጋር ያለው መመሳሰል ይገባዋል። አኩሪ አተር፣ ኦቾሎኒ፣ ቦሎቄና ምስር የጥራጥሬ ቤተሰብ ናቸው፤ በሥራቸው ላይ እንደ ዶቃ የሚታዩት እብጠቶች ናይትሮጅን ከአየር የሚወስዱ ባክቴሪያዎች ማደሪያ ናቸው። ኑግ ከሱፍ አበባና ከአደይ አበባ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በርበሬ፣ ቲማቲምና ድንችም እንዲሁ በአንድ ቤተሰብ ይጠቃለላሉ።

የሕይወት ታሪካቸውን የምናወጋላችሁ ሰው ከዚህ ተነስተው አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ። ዝምድና ከታወቀ ገና ያልታየውንም ዘር የት መፈለግ እንደሚገባ አስቀድሞ መገመት ይቻላል የሚል ሐሳብ አመጡ።

ልጅነትና ትምህርት

ኒኮላይ ቫቪሎቭ በኅዳር ወር 1887 (በእኛ 1880 ዓ.ም.) በሞስኮ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከገበሬ ቤተሰብ ወጥተው በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የበለጸጉ ሰው ነበሩ። የሰብል ውድመትና የምግብ እጥረት በዚያ ቤተሰብ ትዝታ ውስጥ የቆየ ነገር ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ሰርጌይ ቫቪሎቭም በኋላ ስመ ጥር የፊዚክስ ሊቅ ሆነዋል።

ወጣቱ ኒኮላይ ከሞስኮ የግብርና ኢንስቲትዩት ተመርቀው በሴንት ፒተርስበርግ በሚገኘው የዕፅዋት ጥናት ቢሮ ጥቂት ጊዜ ሠሩ። በ1913 ወደ እንግሊዝ ተሻግረው ስለ ዘር ውርስ በሚመራመሩ ሊቃውንት ዘንድ ተማሩ። በዚያም ትኩረታቸው የእህል በሽታ ነበር። በአንድ ማሳ ላይ የተዘሩ የስንዴ ዓይነቶች አንዱ በዋግ ሲመታ ሌላው የሚተርፈው ለምን እንደሆነ መረመሩ። ካገኟቸው መልሶች አንዱ በሽታን መቋቋም ዝምድናን የሚከተል መሆኑ ነው። በቅርብ የሚዛመዱ ስንዴዎች ለአንድ በሽታ ያላቸው መቋቋም ተቀራራቢ ነው። በዚህም ምክንያት የዕፅዋት ምደባ ለእርሳቸው የመጽሐፍ ቤት ሥራ ብቻ ሳይሆን ገበሬን ከኪሳራ የሚያድን መሣሪያ ሆነ።

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከእንግሊዝ የላኩትን የዘር ስብስብ የጫነው መርከብ ግን ፈንጂ መትቶት ሰመጠ። ዘር አንድ ጊዜ ከጠፋ እንደማይመለስ ገና በወጣትነታቸው በራሳቸው ላይ ደርሶ አዩት።

እንክርዳዱን ከስንዴው የለዩበት ጊዜ

በ1916 በሰሜን ፋርስ፣ በዛሬዋ ኢራን፣ የሰፈሩ የሩሲያ ወታደሮች ዳቦ በልተው እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዱና ይታመሙ ጀመር። ምክንያቱን እንዲያጣሩ ቫቪሎቭ ተላኩ። ዱቄቱ የተፈጨበትን ስንዴ መርምረው ችግሩ እንክርዳድና አብሮት ያለ ሻጋታ መሆኑን ደረሱበት። እንክርዳድ የሣር ቤተሰብ ነው፤ ከስንዴ ጋር አብሮ ይበቅላል፣ አብሮ ይታጨዳል፣ በአውድማ ላይም በቀላሉ አይለይም። እኛም አገር አንጥሮ ያልተለቀመ ስንዴ የሚያስከትለውን ራስ ማዞር የሚያውቁ እናቶች ብዙ ናቸው።

ከዚያ ተነስተው ወደ ፓሚር ተራሮች ወጡ። በዚያም በቆላው የስንዴ አረም ሆኖ የሚታየው አጃ መሰል እህል፣ ሩሲያውያን ጥቁር ዳቦ የሚጋግሩበት፣ ወደ ደጋው ሲወጣ ስንዴው በብርድ እየሞተ እርሱ ብቻ እየቀረ እንደሚሄድና ገበሬውም በመጨረሻ ራሱን የቻለ ሰብል አድርጎ እንደያዘው ተመለከቱ። ዛሬ አረም የምንለው የሰብላችን ዘመድ ነገ ሰብል ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ተረዱ።

የዝምድና ሰንጠረዥ

በ1917 ቫቪሎቭ በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው ሳራቶቭ ከተማ መምህር ሆኑ። በሰኔ 1920 በዚያችው ከተማ በተደረገ የዘር አሻሻዮች ጉባኤ ላይ ስማቸውን ያስጠራውን ሐሳብ አቀረቡ። በአማርኛ የተዛማጅ ዕፅዋት ተመሳሳይ የለውጥ ሕግ ልንለው እንችላለን።

ሐሳቡ በገበሬ ቋንቋ ሲገለጽ እንዲህ ነው። ስንዴን ብንመለከት ዛላው ላይ ጺም ያለውና የሌለው፣ ፍሬው ነጭ፣ ቀይና ጥቁር የሆነ፣ ገለባው የሚለቅና የማይለቅ፣ ፈጥኖ የሚደርስና የሚዘገይ አለው። የስንዴ ዘመድ ወደሆነው ወደ ገብስ ስንሄድም ይኸው ዝርዝር ይደገማል፤ ጺም ያለውና የሌለው፣ ነጭና ጥቁር፣ ገለባው የሚለቅና የማይለቅ ገብስ አለ። ዝምድናው በቀረበ መጠን የልዩነቶቹ ዝርዝር ይበልጥ ይመሳሰላል። ስለሆነም በአንዱ ዘመድ የታየ ነገር በሌላው ካልታየ የለም ከማለት ይልቅ ገና አልተገኘምና ይፈለግ ማለት ይሻላል። ጉባኤተኞቹ ይህን ሰምተው ገና ያልተገኙ ንጥረ ነገሮችን በሰንጠረዣቸው ባዶ ቦታ ትተው ካስቀመጡት ከኬሚስትሪው ሊቅ ከሜንዴሌየቭ ጋር አነጻጸሯቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ይህን ዓይነት ዝርዝር ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ይዞታል። በእኛ አካባቢ ማሽላ የሚዘሩ አባቶችና እናቶች ዛላው የተበተነውን ከታጨቀው፣ ቀዩን ከነጩ፣ ለገንፎ የሚሆነውን ለጠላ ከሚሆነው፣ አገዳው የሚጣፍጠውን ከማይጣፍጠው፣ ወፍ የሚያጠቃውን ከማያጠቃው ይለያሉ። ቫቪሎቭ ያደረጉት ይህን የመሰለውን የገበሬ ዕውቀት ከአገር አገር አሰባስበው በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ማስቀመጥ ነበር።

ጉባኤው ከተካሄደ ብዙም ሳይቆይ በ1921 እና በ1922 በቮልጋ አካባቢ ከባድ ረሃብ ወርዶ ሚሊዮኖች አለቁ። ቫቪሎቭ በዚያን ጊዜ ወደ ፔትሮግራድ ተዛውረው የዕፅዋት ጥናት ቢሮውን መምራት ጀምረው ነበር። ረሃቡ ሥራቸውን አጣደፈው። የዓለምን እህል ዘር ሁሉ በአንድ ቤት መሰብሰብ፣ በዝምድናው መመደብ፣ ከዚያም ድርቅን፣ ብርድንና በሽታን የሚችለውን እየመረጡ ለገበሬው መስጠት የሕይወታቸው ዓላማ ሆነ።

ወደ ኢትዮጵያ የተደረገ ጉዞ

በ1924 አፍጋኒስታንን ካሰሱ በኋላ በ1926 የሰብሎች መነሻ ስለሆኑ አካባቢዎች የሚያትት መጽሐፍ አሳተሙ። በመጽሐፉ መሠረት የአንድ ሰብል ልዩ ልዩ ዓይነት በብዛት የሚታይበት አገር ሰብሉ የተወለደበት አገር መሆኑን ይጠቁማል። በዚህ ስሌት ኢትዮጵያን ሳያዩ ሥራቸው ሙሉ ሊሆን አልቻለም።

በ1927 መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1919 ዓ.ም.፣ በጅቡቲ በኩል ገብተው በባቡር አዲስ አበባ ደረሱ። ዘመኑ የንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት ሲሆን አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ተቀብለው አነጋገሯቸው፤ በአገሪቱ ውስጥ እንዲዘዋወሩም ፈቃድ አገኙ። ከዚያም ሰው ቀጥረው፣ በቅሎ ጭነው ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመሩ። ዓባይን ተሻግረው፣ በጎንደር አልፈው እስከ አስመራ ድረስ በየማሳው፣ በየአውድማውና በየገበያው እየቆሙ ዘር ሰበሰቡ። ወደ እኛ ወደ ምዕራቡ ቆላ አልወረዱም። ጉዟቸው የስንዴና የገብስ አገር በሆነው ደጋ ላይ ያተኮረ ነበር።

በደጋው ያዩት ነገር አስደነቃቸው። በሌላ አገር በአንድ ማሳ አንድ ዓይነት ስንዴ ሲዘራ፣ በኢትዮጵያ ገበሬ ማሳ ላይ ብዙ ዓይነት ተቀላቅሎ ይበቅላል። ፍሬው ወደ ጥቁር የሚያደላ ስንዴ አገኙ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጺም የሌለው የማካሮኒ ስንዴ በኢትዮጵያ አገኙ። የዳቦ ስንዴ ጺም ያለውም የሌለውም እንዳለው ይታወቅ ነበር፤ የዘመዱ የማካሮኒ ስንዴ ጺም የሌለው መልክ ግን በሰንጠረዣቸው ውስጥ ባዶ ቦታ ነበር። ባዶውን ቦታ የሞላው በኢትዮጵያ ገበሬ እጅ የቆየ ዘር ነው።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ በሺህ የሚቆጠር የዘር ናሙና ልከው ነበር። በ1931ም የኢትዮጵያ ስንዴዎች በዓለም ስንዴዎች ምደባ ውስጥ ስላላቸው ቦታ የተጻፈ ሥራ አሳተሙ። ስንዴዎች በሴላቸው ውስጥ ባለው የክሮሞሶም ቁጥር 14፣ 28 እና 42 ተብለው በሦስት ቡድን ይከፈላሉ። የአገራችን ነባር ስንዴዎች በአብዛኛው ባለ 28ቱ ናቸው፤ የዳቦ ስንዴ ባለ 42 ነው። ቫቪሎቭ የኢትዮጵያውን ስንዴ ከሌሎቹ ባለ 28ቶች ለይተው የራሱ ቦታ እንዲኖረው አደረጉ። ኢትዮጵያንም ጤፍን፣ ኑግን፣ እንሰትንና ማሽላን ጨምሮ የብዙ ሰብሎች መገኛ ከሆኑት የዓለም ማዕከላት አንዷ አድርገው መዘገቧት።

ክስ፣ እስርና ሞት

ቫቪሎቭ ከዚያ በኋላም ወደ ቻይና፣ ጃፓን፣ ሜክሲኮና ደቡብ አሜሪካ ተጉዘዋል። እስከ 1940 ድረስ እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው የሰበሰቡት የዘር ናሙና 250 ሺህ ገደማ ደርሶ ነበር። በዘመኑ በዓለም ላይ ከእርሱ የሚበልጥ የሰብል ዘር ስብስብ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ጊዜው እየከፋ ሄደ። የሶቪየት መንግሥት ገበሬውን በግዳጅ በጋራ እርሻ ካሰባሰበ በኋላ በ1932 እና በ1933 ሌላ ታላቅ ረሃብ ወረደ። መንግሥት ፈጣን መፍትሔ ፈለገ። ቫቪሎቭ አዲስ የዘር ዓይነት ለማውጣት ዓመታት እንደሚፈጅ በእውነት ሲናገሩ፣ ትሮፊም ሊሴንኮ የተባሉ የግብርና ባለሙያ ግን በሁለትና ሦስት ዓመት እናደርሳለን አሉ። ሊሴንኮ የዘር ውርስን ሳይንስ አይቀበሉም ነበር፤ ተክል በአያያዝና በአየር ጠባይ ብቻ እንደተፈለገው ይለወጣል ይሉ ነበር። ስታሊን እርሳቸውን ደገፉ። በሪፖርት ላይ ያማረ ተስፋ በማሳ ላይ ካለው እውነት በላይ ተሰሚነት አገኘ። ቫቪሎቭ ግን ሐሳባቸውን እንዲለውጡ ቢገፉም እሺ አላሉም።

በነሐሴ 6 ቀን 1940 በምዕራብ ዩክሬን ዘር ለመሰብሰብ በወጡበት ተያዙ። ለረጅም ጊዜ ከተመረመሩ በኋላ በሐምሌ 1941 የአገር ግብርና አጥፊ ተብለው ሞት ተፈረደባቸው። ፍርዱ በ1942 ወደ 20 ዓመት እስራት ቢለወጥም እድሜያቸው አልደረሰበትም። በጥር 26 ቀን 1943 (ጥር 18 ቀን 1935 ዓ.ም.) በእስር ቤት ውስጥ በረሃብ ተጎድተው በ55 ዓመታቸው አረፉ። እስር ቤቱ የሚገኘው የዝምድናውን ሕግ ለዓለም ባሳወቁባት በሳራቶቭ ከተማ ነበር። የምስር ዘር ተመራማሪ የነበሩት ባለቤታቸው ዬሌና ባሩሊና ከጦርነቱ ሸሽተው ከልጃቸው ጋር በዚያችው ከተማ ይኖሩ ነበር፤ ባለቤታቸው በቅርብ ርቀት መታሰራቸውን ሳያውቁ ስንቅ ወደ ሞስኮ ይልኩ ነበር። የቫቪሎቭ ክስ ሐሰት መሆኑ ታውቆ ስማቸው የታደሰው በ1955 ነው።

ዘሩን ያልበሉት ጠባቂዎች

ቫቪሎቭ በእስር ላይ ሳሉ የዘር ቤታቸው የሚገኝበት ከተማ፣ በዚያን ጊዜ ሌኒንግራድ የተባለው፣ በጀርመን ጦር ተከበበ። ከበባው ከመስከረም 1941 እስከ ጥር 1944 ቆየ። በከተማው ውስጥ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በረሃብ አለቀ። የተቋሙ ሠራተኞች ግን በብዙ ቶን የሚቆጠር እህል በመደርደሪያ ላይ እያለ አልነኩትም። የኦቾሎኒ ስብስብ ኃላፊው አሌክሳንደር ሽቹኪን በሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ሞቱ። የሩዝ ስብስብ ጠባቂው ድሚትሪ ኢቫኖቭ በሺህ የሚቆጠር የሩዝ ፓኬት በአጠገባቸው እያለ በረሃብ አረፉ። ሌሎችም ተከተሉ።

ክፉ ቀን ያየ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል። በአገራችን በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት ለዘር ያስቀመጡትን ለመብላት የተገደዱ ቤተሰቦች እጅግ ብዙ ነበሩ፤ ማንም ሊፈርድባቸው አይችልም። ነገር ግን ዝናብ ሲመለስ በእጃቸው የሚዘራ ነባር ዘር አልነበረም። በ1976 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የዘር ባንክ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ ጥቅሙ የታየው ያኔ ነው። ማዕከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ነባር ዘር በባንክ ከመቀመጡ በተጨማሪ በገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራ እንዲጠበቅ ባደረጉት ጥረት በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል።

ከእርሳቸው በኋላ የታረመውና የጸናው

ቫቪሎቭ የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነበር አንልም። ስንዴና ገብስ ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከዱር ወደ ማሳ የገቡት በመካከለኛው ምሥራቅ እንደሆነ ከእርሳቸው በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አረጋግጠዋል። ኢትዮጵያ የእነዚህ ሰብሎች ሁለተኛ ቤት ናት፤ በእንግድነት መጥተው እጅግ የበዙባት አገር። ማሽላ ግን የዚህ አካባቢ ልጅ ነው። በ2017 የታተመ ጥናት ከ5 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የታረሰ ማሽላ ምልክት በምሥራቅ ሱዳን፣ በሸክላ ስብርባሪ ላይ መገኘቱን አስታውቋል። አገሩ ከእኛ ድንበር ማዶ ነው።

ሊቃውንት በ1972 የዓለምን ማሽላ በአምስት ዋና ዋና ዓይነት ከፍለውታል። ከእነርሱ አንዱ ፍሬው በአንድ በኩል ጠፍጣፋ፣ በሌላው ጎበጥ ያለው ሲሆን ካውዳተም ይባላል። ይህ ዓይነት የሚዘራበት ቦታ በሱዳንና በአካባቢው የሚነገሩ የአንድ ትልቅ የቋንቋ ቡድን ሕዝቦች ከሚኖሩበት ጋር የሚገጥም መሆኑን በ1975 የታተመ ጥናት አመልክቷል። በዚያ ዘመን የቋንቋ ምደባ በርታም ከዚሁ ቡድን ይቆጠር ነበር። የዘር ዝምድና የሕዝብም ታሪክ እንደሆነ ከዚህ እንረዳለን።

የዕፅዋት ምደባም ከዘንግ ቆጠራ ተነስቶ ዛሬ የዘር ቅንጣትን፣ ዲኤንኤን፣ እስከ ማንበብ ደርሷል። በ2016 በታደሰው ዓለም አቀፍ ምደባ ባለ አበባ ዕፅዋት በ416 ቤተሰቦች ተጠቃለዋል። በአገራችንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ሊኔየስ ካስተማሩበት ከኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት የሚዘረዝሩ ተከታታይ መጻሕፍትን እስከ 2009 ድረስ አሳትሟል። ማሽላችንና ሽመላችን ስለ ሣር ቤተሰብ በሚያወራው በ7ኛው ቅጽ ውስጥ ጎን ለጎን ተመዝግበዋል።

ለእኛ የሚተርፈው

አሁን ወደ ተነሳንበት ማሳ እንመለስ። አቀንጭራ በማሽላ፣ በበቆሎና በዳጉሳ ሥር ላይ ተጣብቆ ምግባቸውን የሚጠባ አረም ነው። የሚመርጠውም የሣር ቤተሰብን ነው። ዘሩ እጅግ ደቃቅና ብዙ ሲሆን በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይበላሽ ይቆያል፤ የሚነቃው የእህል ሥር የሚያመነጨው ነገር ሲደርሰው ነው። ስለሆነም አቀንጭራ የወረረውን የማሽላ ማሳ በሚቀጥለው ዓመት በበቆሎ ወይም በዳጉሳ መዝራት ለጠላት ከአንድ ቤት ወደ ዘመዱ ቤት በር እንደመክፈት ነው። እንደ አኩሪ አተር ያለው ባዳ ሰብል ግን ብዙ ጊዜ የአቀንጭራውን ዘር ቀስቅሶ የሚጣበቅበት ሥር ይነሳዋል፤ የነቃው ዘርም ይሞታል። ባዳነቱ ጥቅም የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በተመሳሳይ ሁኔታ ቲማቲም በሚያጠወልግ በሽታ በሞተበት መሬት በርበሬ ወይም ድንች መትከል አይመከርም፤ ዘመዳሞች ናቸውና።

አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ የተገኘውም ከማሽላ ልዩ ልዩ ዓይነቶች መካከል ተፈልጎ ነው። ይህን ያደረጉት ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። አሜሪካኖች የገብሳቸውን የቢጫ አቀጭጭ ቫይረስ የተከላከሉበት ዘርም የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ቫቪሎቭ እንዳስተማሩት፣ የጠፋው ነገር የሚፈለገው ከዘመድ ዘንድ ነው። ዘመዱ ግን አስቀድሞ ከጠፋ ማን ይጠየቃል?

በመሆኑም የተሻሻለ ዘር ወደ አካባቢያችን መግባቱ የሚበረታታ ሆኖ፣ መሠረታዊ ማህበራቶቻችን ሦስት ነገሮችን እንዲያስቡ እንጠቁማለን። አንደኛ፣ በየቀበሌው የሚዘሩ ነባር የማሽላ ዓይነቶች ስማቸው በበርታ ቋንቋም ሆነ በሌላ፣ መልካቸውና ጠባያቸው በአረጋውያን ገበሬዎች እየተነገረ በማህበሩ መዝገብ ይስፈር። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ዓይነት ጥቂት ጥቂት ዘር በየዓመቱ የሚያድሱ አባላት ይመረጡ፤ ለዚህም በአሶሳ ከሚገኙት ከግብርና ምርምር ማዕከልና ከብዝኃ ሕይወት ማዕከል ባለሙያዎች ጋር መመካከር ይቻላል። ሦስተኛ፣ የሰብል ፈረቃ ሲታቀድ የሰብሎቹ ቤተሰብ ይጠየቅ። የወረዳ አመራሮችና የልማት ሠራተኞችም ዕቅድ ሲያወጡ ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተቀበሩበት ትክክለኛ ቦታ አይታወቅም። የሰበሰቡት ዘር ግን በስማቸው በተጠራው ተቋም ውስጥ እየታደሰ እስከ ዛሬ ይዘራል፤ ከመካከሉም ከኢትዮጵያ ገበሬ እጅ በ1919 ዓ.ም. የተቀበሉት ይገኝበታል። ያ ገበሬ ስሙ አልተመዘገበም። የሰጠው እፍኝ ስንዴ ግን አንድ ሊቅ በሰንጠረዡ ላይ የተወውን ባዶ ቦታ ሞልቷል። በሆሞሻ ጎተራዎች ውስጥ ዛሬ ያለው እፍኝ ማሽላም ነገ የማንን ባዶ ቦታ እንደሚሞላ አናውቅምና፣ ሳይጠፋ እንጠብቀው።

መልካም የምስረታ በዓል!